እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ዳንግላ ገበያ ውስጥ የመምህር ጉርዲያል ሲንግን እጅ ለመሳም ያልሞከረ ባላገር ጥቂት ነበር። ሰውዬው ከሕንድ አገር የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሆኖም ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ደረታቸው ላይ የወረደውን ሽበታም ጢም አበጥረው ሲያልፉ ላየ ሰው የኢየሩሳሌም መነኩሴ እንጂ ሌላ አይመስሉም። ሽማግሌው ከፈረስ ይወርድላቸዋል፤ ሴቲቱ ሸክሟን አስቀምጣ ጎንበስ ትላለች። መምህሩ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ይሰበስቡና "እኔ ቄስ አይደለሁም፤ በእኛ ዘንድ ቄስ የለም" ይላሉ። ባላገሩ እርስ በርሱ ይተያያል። "አቤት ትሕትና" ይላል።

አማርኛ ያስተማራቸው አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር "አንተ" ማለትን አልለመዱም፤ ሌሎች ሊያስለምዷቸው ቢሞክሩም አልወደዱትም። የሰባት ዓመት ተማሪ "እርስዎ ይቀመጡ" ይባላል። አንድ ቀን ግቢያቸው የገባውን ውሻ "ይውጡ እባክዎ" ሲሉት የሰማ ተማሪ ወሬውን ከተማ ለከተማ አዳርሶት፣ ዳንግላ ሁሉ ሲሥቅ ሰነበተ።

ያን ጊዜ ከሣቁት ተማሪዎች አንዱ ቢሻው ነበር። ኋላ በመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሕንድ አገር፣ ፑና ድረስ ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አገሩ በተመለሰ በሦስተኛው ወር፣ ከቆሰበር በእህል መኪና ተጭኖ ዝናብ ሲወርድበት ዳንግላ የገባው ግን ለሣቅ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። መምህሩ የሚሄዱበት ዘመድ ስለሌላቸው ቤታቸው ናቸው። ፀጉራቸውን በትንሽ ጨርቅ ሸፍነው፣ የታጠበውን ረጅም የጥምጥም ጨርቅ በክንዳቸው ተሸክመው በሩን ከፈቱለት።

"በደህና ሰዓት መጡ። ጫፉን ይያዙልኝ፤ ብቻዬን አይታጠፍልኝም" አሉት።

ቢሻው የረጠበ ካፖርቱን ሳያወልቅ ጫፉን ያዘ። ጨርቁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በመካከላቸው ተዘረጋ።

"እናቴ ልትሞትብኝ ነው" አለ።

ጨርቁ ረገብ አለ። "ይሳቡት። እየሰማሁ ነው።"

ቢሻው እየሳበ ነገራቸው። እናቱ ማናለብሽ እሱ ከአገር በወጣ ሰሞን ለማርያም ተስላለች፤ ልጇ ተመልሶ ዓይኗ እያየ እስኪቆርብ ድረስ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ላትቀምስ። አምስት ዓመት እንዲሁ ኖረች። ከኅዳር ወዲህ ሳል ያዛት፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከመደቧ አልነሣ አለች። የቆሰበሩ ድሬሰር መድኃኒት ሰጥቷታል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ያውም ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ነው። በባዶ ሆዷ ከዋጠችው ያስመልሳታል። ሐምሌ አምስት ቀን አገሩ ሁሉ ሲፈስክ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቀች።

"ታዲያ ለምን አይቆርቡላትም?" አሉ መምህሩ።

"አላምንም።"

"ካላመኑ ምን ያስፈራዎታል?"

ቢሻው ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ ከርሟል። ሰኔ ውስጥ በአንድ እሑድ ለእናቱ ሳይነግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ነበር። ከደጀ ሰላሙ ደርሶ ጫማውን አወለቀ፤ ቆመ፤ ከዚያ መልሶ አጠለቀና ተመለሰ። "ባዶ ቤት ገብቶ ለመስረቅ ማን ይፈራል? እኔ ግን ፈራሁ። ቤቱ ባዶ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም" አለ።

"ስእለቱን የሚፈታላት ቄስ የለም?"

"ቄስ ሽባባው መጥተው ነበር። 'ንፍጥህን ጠርጌ ያሳደግሁህ አንተ ነህ ከማርያም ጋር የምታስማማኝ?' ብላ ሸኘቻቸው።"

መምህሩ ፈገግ አሉ። ቢሻው አልሣቀም። የመጣበትን ነገር ሊናገር ነውና ዓይኑን ጨርቁ ላይ ተከለ።

"እርስዎን ግን ትሰማለች። ልሄድ ስል ለመሰናበት እዚህ መጥታ እጅዎን ስማ ነበር። 'አባቴ፣ ልጄን አደራ' ያለችዎት።"

"ትዝ ይለኛል። እኔ ቄስ አይደለሁም አልኳቸው።"

"በአማርኛ ነው ያሏት። የእናቴ ቋንቋ አገውኛ ነው፤ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነው። የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።"

"ምን ብለው?"

"መነኩሴው አደራሽን ተቀብለዋል፣ ወደ ክርስቲያን አገር ነው የሚልኩኝ ብዬ።"

ጨርቁ በመካከላቸው ተወጥሮ ቀረ።

"አንድ ቃል ብቻ ነው፤ 'ፈትቼሻለሁ' ቢሏት ትበላለች" አለ ቢሻው።

መምህሩ ጨርቁን ዕጥፍ በዕጥፍ ወደ ራሳቸው እየሰበሰቡ መጡ፤ አጠገቡ ሲደርሱ ጫፉን ከእጁ ተቀበሉት። "ይህን የማስረው በሺሕ ሰው መካከል ብሆን እንኳ እንዳልደበቅ ነው። የተቸገረ ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲያውቀኝ። እርስዎ መደበቂያ አደረጉት" አሉት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። "ውሸት አልናገርም። ግን እሄዳለሁ፤ አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ይተረጉሙልኛል፤ በዚህ ጊዜ ግን እኔ የምለውን።"

በማግሥቱ በመኪና ቆሰበር ደረሱ፤ ከዚያ በተዋሱት ፈረስ ወደ ጥርባ አቅጣጫ ወረዱ። መንገዱ በቀርከሃ አጥር መካከል ለመካከል ነው፤ ጭቃው የፈረሶቹን ጉልበት ይውጣል። በየደጁ ሰው እየወጣ "አባታችን ይባርኩን" ይላል፤ መምህሩም ዝናቡ አፋቸው እየገባ "ቄስ አይደለሁም" ይላሉ። ቢሻው ከኋላ ሆኖ፣ ውሸት አልናገርም ቢሉም እናቱ ጥምጥሙን ስታይ ብቻ ትጽናና ይሆናል እያለ ያስባል። በዚህች ተስፋ ነበር የሚጋልበው።

እናቱ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። የእህቷ ልጅ ወርቅነሽ ምድጃው ዘንድ ተቀምጣ፣ ወንዝ ውስጥ ሰንብቶ ምሬቱ የለቀቀውን የግብጦ ጥራጥሬ ትልጣለች። መምህሩ ከደጅ ጫማቸውን አወለቁ። ወርቅነሽ በርጩማ ብታቀርብላቸውም መሬት ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ቢሻው የእናቱን ፊት ይከታተላል። ቀና ብላ ጥምጥሙን አየች፤ ጢሙን አየች፤ ከዚያ ዓይኗ አንገታቸው ላይ፣ ማተብ ከሚታሰርበት ቦታ ላይ አረፈ።

"ደህና መጣህ፣ ልጄ" አለች፣ ለገበያ በምትበቃው አማርኛዋ።

መነኩሴ "አባቴ" ነው የሚባለው፤ የሰማንያ ዓመት አሮጊት እንኳ "ልጄ" አትለውም።

"እናቴ፣" አሉ መምህሩ፣ "እኔ ቄስ አይደለሁም። መነኩሴም አይደለሁም። ያን ጊዜ የሰሙት እውነት አልነበረም።" ወደ ቢሻው ዞረው ጠበቁት።

ቢሻው አፉን ከፈተ። አፉን የፈታበት ቋንቋ እምቢ አለው።

"ተወው፣ ገብቶኛል" አለችው እናቱ በአገውኛ። "ካወቅሁ አምስት ዓመቴ ነው።"

ወርቅነሽ መላጧን አቆመች።

"ከሄድክ ገና ሳምንት ሳይሞላህ ነው። ቄስ ሽባባው ከዳንግላ ሲመለስ 'እትዬ ማናለብሽ፣ እጁን የሳምሽው ሰውዬ ክርስቲያን አይደለም' አለኝ። ያን ዕለት ነው የተሳልኩት። ልጄን በገዛ እጄ ለማላውቀው አምላክ አሳልፌ ሰጠሁት ብዬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በምን? በደብዳቤ? ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሽባባው ነው። 'ልጄ ዋሸኝ ብለህ ጻፍልኝ' ልበለው?"

ሳሉ አቋረጣት። ሲለቃት ጋቢዋን ሰብስባ ወደ መምህሩ ተመለሰች፤ አሁን ለእሳቸውም በአገውኛ ነበር የምትናገረው፤ ቢሻውም ሳይታዘዝ መተርጎም ጀመረ።

"ላም ታመልካለህ ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"አይደለም። ሥዕልም ጣዖትም የለንም። አንድ ነው የማመልከው።"

"እኛም አንድ ነው የምንለው።"

"ያንኑ ይሆናል። ሁሉን የፈጠረ ነው፤ በሁሉም ውስጥ አለ። ማንንም አይፈራም፤ ጠላቴ የሚለውም የለም። አይሞትም። አልተወለደም።"

ቢሻው ቃል በቃል ተረጎመ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እናቱ ግንባሯን ቋጠረች።

"አልተወለደም? እንግዲያ እናት የለውማ።"

"የለውም።"

ማናለብሽ ሰውዬውን ወላጅ እንደሌለው ልጅ አየቻቸው። "ታዲያ አንተን ማን ያማልድሃል?"

"ማንም። እኔው ነኝ የምጠራው። ጧት ስሙን እጠራለሁ፤ ማታም እጠራለሁ።"

"ይመልስልሃል?"

"እንዲመልስልኝ አይደለም። እሱ አይረሳኝም፤ እኔ ነኝ የምረሳው። እንዳልረሳው ነው የምጠራው።"

"እናትህስ አለች?"

መምህሩ በእጃቸው ያለውን የብረት አምባር እያዞሩ ቆዩ። ኋላ፣ አገራቸው ለሁለት በተከፈለች ዓመት፣ መንደራቸውን ለቀው ከሺሕ ሕዝብ ጋር በእግር እንደወጡ ተናገሩ። እናታቸው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ሞተች። በእነሱ ወግ የሞተ ሰው ይቃጠላል፤ አመዱም ለወንዝ ይሰጣል። እንጨት አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም፤ ከኋላ የሚያሳድድ ሰው ነበር።

"ጥምጥሜን ፈትቼ ሸፈንኳት። ከዚያ ሄድኩ።"

ቢሻው ይህንንም ተረጎመ። አሥራ አንድ ዓመት ያውቃቸዋል፤ ይህን ግን ሰምቶ አያውቅም። ጠይቆም አያውቅም።

ማናለብሽ ክንዷን ከጋቢው አውጥታ የጥምጥሙን ጠርዝ ነካች። "ይኼን ነው?"

"አይደለም። ያኛው እዚያው ቀረ።"

"ያን ቀንስ ስሙን ጠራህ?"

"አልጠራሁም። ሁለት ዓመት አልጠራሁትም። ኋላ የምጠራው ሌላ ስም ሳጣ ተመለስኩ።"

ቢሻው ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ለወርቅነሽ ምልክት ሰጣት። ለእናቱ በትንሽ ሰፌድ ግብጦ ቀረበላት፤ ለመምህሩ ደግሞ ለብቻ፣ በቅጠል።

"አትቀየመኝ፣ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ከአንድ ሰፌድ አልበላም። ሕጌ ነው" አለች እናቱ።

"አልቀየምም። በእኛ የጸሎት ቤት ግን የመጣ ሁሉ መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ይበላል። ንጉሥም ቢመጣ።"

"ንጉሥም መሬት ላይ?"

"መሬት ላይ።"

"ማን ያሳልፍላችኋል ታዲያ?"

"ንጉሡ ነዋ" አሉ መምህሩ።

ማናለብሽ ሣቀች፤ ሣቁ ሳል ሆኖ አለቀ። ሦስት ፍሬ ብቻ ቀምሳ ሰፌዱን ገፋችው። "አዲሱን ግብጦ ከትናንት ወዲያ ወንዝ አስገብተነዋል። ሲደርስ ለዚህ ሰውዬ ቋጥሪለት" አለቻት ወርቅነሽን። ከዚያ ጠየቀች፤ "ጾምስ አላችሁ?"

"የለንም። የእኔ ረኃብ እሱን የሚያጠግበው አይመስለኝም።"

"እሱን ለማጥገብ ማን ጾመ? እኔ የጾምኩት ልጄን እንዳልረሳው ነው። ሆዴ በነከሰኝ ቁጥር 'ቢሻው' እላለሁ።"

መምህሩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አሁን አንተ ንገረኝ" አለች ወደ ልጇ ዞራ። "ትጸልያለህ?"

"አልጸልይም፣ እማዬ።"

"ትቆርብልኛለህ?"

አንድ ቃል ነበር የቀረው። ከመምህሩ የለመነው ዓይነት አንዲት ቃል። "አዎ" ቢላት ስእለቴ ደረሰ ብላ ነገ ጧት ትበላ ይሆናል፤ መድኃኒቱም ይረጋላታል። መምህሩን አየ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። በዚያች ቤት ከእሱ በቀር የዋሸ ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀው፤ ሁለተኛ መድገም ግን አቃተው።

"አልችልም" አለ።

እናቱ አላለቀሰችም። "እሺ። እንግዲያ ስእለቴ አልደረሰም።"

"እማዬ፣ መድኃኒቱ..."

"ለማርያም የሰጠኋትን አንተ ስላልቻልክ ልቀማት?" ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበች። ዓይኗን ጨፍና፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "መነኩሴ አይደለም ብትለኝ እኮ አልከለክልህም ነበር" አለችው። "አልቅሼ እለቅህ ነበር።"

በአራተኛው ቀን፣ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ፣ እንደጾመች ሞተች።

ቀብሯ ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ቄስ ሽባባው ፍትሐቱን ሲያደርሱ ሁለት ጊዜ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ለካ ንፍጥ የጠረገችላቸው እውነት ነው። መምህሩ ከቅጥሩ ውጭ፣ ቀርከሃው ሥር፣ ጫማቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሕዝቡ ሲወጣ እንደ ልማዱ እጃቸውን ሊስም መጣ። ቢሻው ከፊታቸው ቆመና ለመጣው ሁሉ በአገውኛ "ቄስ አይደሉም። የእኔ አስተማሪ ናቸው፤ የራሳቸው እምነት አላቸው" ይል ጀመር። ባላገሩ ለአፍታ ግራ ይጋባል፤ ከዚያ እጃቸውን ይጨብጥና "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ይሁና" ብሎ ሳማቸው።

ከሠልስቱ ማግሥት መምህሩ ሊሄዱ ሆነ። መኪናው ከቆሰበር የሚነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጧት ወርቅነሽ ድንገት ትዝ ብሏት "ውይ፣ ግብጦው ከወንዝ አልወጣም" አለች። ቢሻውና መምህሩ አብረው ወረዱ። ጆንያው እናቱ እንዳዘዘችው በድንጋይ ታስሮ፣ ውሃው እየገፋው አለ። ወንዙ ሲነካካው ሰንብቶ ምሬቱን ወስዶለታል።

በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲልጡ ረፈደ። የተላጠውን በአንድ ሰፌድ አደረጉት፤ በእናቱ ሰፌድ። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ግን ጥላ የሚጥል ፀሐይ አላወጣም። ሰፌዱ በመካከላቸው ተቀመጠ። ቢሻው አልነካውም። ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልቀመሰም፤ ለምን እንደሆነ ለራሱም አላስረዳም። የሚያምነው ነገር አልጨመረም፤ ይህን መርምሮ አይቷል። ሆዱ ሲነክሰው ግን የሚመጣለት ስም አንድ ብቻ ነበር።

ሲቆይ መምህሩም እንዳልነኩት አየ። ጧት እንኳ ወርቅነሽ ያቀረበችላቸው ዳቦ እንደ ተጠቀለለ ነው።

"እርስዎ ይብሉ እንጂ። ጾም የለዎትም።"

"የለኝም" አሉ መምህሩ። "አብሮኝ የሚበላ ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

ቢሻው የእጅ ሰዓቱን አየ። ከወንዙ ማዶ ከብቶች ይጮኻሉ። ወርቅነሽ ውስጥ ሆና፣ መደቡን እየጠረገች፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

"ደረሰ?" አሉ መምህሩ።

"ገና ነው" አለ ቢሻው።